የክብር ካባው

የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር በጡረታ የሚሸኙበት አዳራሽ በአበባ ተሞልቶ ሳለ፣ እሳቸው ከመድረኩ ደረጃ ሥር ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ጥቁር የክብር ካባ ለብሰዋል፤ ጫፉ ጫማቸው ላይ ተጠምጥሟል። እንግዶቹ ውጭ ይጠብቃሉ።

«ካባው ጠልፎ ጣላቸው» አሉ ዲኑ። «ምን ይደረግ።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ተንበርክካ ካባውን ገለጥ አደረገች። ከማጅራታቸው የወረደው ደም ሸሚዛቸውን አርሶ ደርቋል። የካባው ነጭ ገበር ግን ጠብታ እንኳ አልነካውም።

«ካባው የት ነበር?» አለች።

«እሳቸው እኮ የተቋማችን ፀሐይ...»

«ንግግርዎን ለእንግዶቹ ያቆዩት። ካባው።»

«ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ ከሽልማቱ ዋንጫ ጋር» አሉ ዲኑ አኩርፈው።

ወደዚያች ክፍል ገብታ ዋንጫውን አነሳች። ከሥሩ የተለጠፈው ጨርቅ ገና እርጥብ ነው።

የሟች ሚስት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አላለቀሱም።

«ትናንት ማታ፣ ‹ነገ የማያስጨበጭብ ነገር እናገራለሁ› አለኝ። ከተማሪው ጋር ስሙን ያስጠራበት ግኝት ሐሰት ነው። ተማሪው ውጤቱን ከራሱ ፈጠረው፣ የኔው ባል እያወቀ ፈረመበት። ስንት ዓመት ተጨበጨበላቸው!»

ያ ተማሪ ዛሬ የፕሮፌሰሩን ወንበር የሚረከበው ምክትላቸው ነው። መላጣውን በመሐረብ እየጠረገ ቀረበ።

«ፕሮፍ ለኔ አባቴ ነበሩ። ካባውን ለብሰው ደረጃውን ሲወጡ ከበሩ ሆኜ እጄን አውለበለብኩላቸው፤ ፈገግ አሉልኝ። እንግዳ ልቀበል ዞር ባልኩበት ነው...» መሐረቡን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር።

መርማሪዋ ሦስቱንም መድረኩ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ሰውየው ካባውን ለብሰው ቢወድቁ ገበሩ በደም ይርስ ነበር። ንጹሕ ነው። ስለዚህ ደማቸው ከደረቀ በኋላ ሌላ ሰው አልብሷቸዋል። የተመቱት ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ፣ ልትሸልሟቸው ባዘጋጃችሁት ዋንጫ ነው። ገዳዩ ወጥቶ ከሰው ጋር ታየ። ከዚያ ተመልሶ ዋንጫውን አጠበ፣ ካባውን አለበሰ፣ ጎትቶ እዚህ አጋደማቸው። እንግዲህ ካባ ለብሰው በእግራቸው ሲሄዱ ማንም ሊያያቸው አይችልም። አንድ ሰው ግን አየሁ አለኝ። ፈገግታ ሁሉ ጨመረበት።»

ወደ ምክትሉ ዞረች።

«አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አንተን ሁለቱም አግኝተውሃል።»

ምክትሉ ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «እሳቸው ምን ቸገራቸው?» አለ ወለሉን እያየ። «ጡረታቸውን ይዘው ሊሄዱ! የምቀረው እኔ ነኝ። ለምኜያቸው ነበር።»

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ዲኑ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እመቤቴ፣ ለእንግዶቹ ለጊዜው አደጋ ነው ብንልስ? የተቋሙ ስም...»

መርማሪዋ ጫማዋ ላይ እንደተጣበቀ ነገር አየቻቸው።

ሚስትየው ግን ቀድመው ተነሥተዋል። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። አበባ ያቀፈው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ባሌ ሊነግራችሁ የፈለገው ነገር ነበር» አሉ። «እናንተን ሲያታልል ኖሯል። ዛሬ እውነቱን ሊናገር ሲል ገደሉት።»

ያጨበጨበ አልነበረም።