ጥላ የሌለው ፎቶ

«ወይኔ! ፎቶ ማለት ይሄ ነው!»

የቤተ ሙከራው ረጅም ጠረጴዛ በፎቶ ተሸፍኗል። ነገ የወላጆች ቀን ነው፤ የፎቶ ክበቡ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ እያለ ካነሳቸው ፎቶዎች ጥሩ ጥሩዎቹ ዛሬ ተመርጠው ኮሪደሩ ላይ ይሰቀላሉ። ልጆቹ ግን ሌላውን ሁሉ ትተው አንዱን ብቻ ከበዋል።

ቀንድ አውጣ የሚሏት ልጅ በሁለት ልጆች ትከሻ መካከል አንገቷን አስግጋ አየችው። አንዲት የዱር እርግብ ጎጆዋ ጠርዝ ላይ ቆማለች። ላባቸው በቅጡ ያልወጣ ሁለት ጫጩቶች ወደ እናታቸው ተንጠራርተዋል። የጠዋት ፀሐይ ሦስቱንም ወርቅ አልብሷቸዋል። ቀንድ አውጣም መጀመሪያ ያለችው «ሲያምር!» ነው። ክው ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጎጆው የእሷ ነበር። እርግጥ ነው፣ የእርግቧ ነው፤ ያገኘችው ግን እሷ ናት።

ቀንድ አውጣ ያሏት የክበቡ ልጆች ናቸው፤ አንድ ፎቶ ለማንሳት ግማሽ ቀን ትፈጃለቻ! ስሙን አልጠላችውም። ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ፣ ኩሬው ዳር ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ያንን ጎጆ ያገኘችውም በዝግታዋ ነው። ለተከታታይ ቅዳሜዎች በሆዷ ተኝታ ጠበቀች። ሁለት ቅጠላም ቅርንጫፎች እንደ ጃንጥላ ስለተደፉበት ጎጆው ላይ ፀሐይ የሚባል ነገር አይደርስም። በመጨረሻ ያገኘችው በቅጠል መሐል የምታይ አንዲት ዓይን ነበር። የእርግቧ ዓይን።

ቦታውን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት ለተቀመጠችው ጓደኛዋ፣ ለፍላሽ። ፍላሽ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ብልጭ ሳታደርግ ፎቶ አታነሳም። ያኔ የቀንድ አውጣን ፎቶ አይታ እስክትንፈራፈር ሳቀች። «አንቺ፣ ይሄ እኮ የወፍ ፎቶ አይደለም። የቅጠል ፎቶ ነው!» አብረው ሳቁ። ከዚያ ፍላሽ ቦታውን ለማንም ላትናገር፣ ብቻዋንም ላትሄድ «እናቴ ትሙት» ብላ ማለች።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ባለው ፎቶ ጥላ የለም። ቅርንጫፎቹም የሉም። ከላይ በስተግራ ጥጉ ላይ ግን አንዲት ግራጫ ነጥብ አለች። ቀንድ አውጣ ያቺን ነጥብ እንደ እጇ መዳፍ ታውቃታለች። አክስቷ በሰጠቻት አሮጌ ካሜራ በተነሳ ፎቶ ሁሉ ላይ ያቺ ነጥብ አትጠፋም። ካሜራውን ደግሞ ባለፈው ሳምንት ፍላሽ ተውሳት ነበር። «ለእህቴ ልደት» ብላ።

የሥነ ሕይወት መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ፎቶውን አነሱ። የክበቡ መሪ እሳቸው ናቸው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ እግር ይሂድ፣ እጅ ይቀመጥ። ቅርንጫፍ ከጋረደህ ዞረህ ታነሳለህ፣ ወይ ትተኸው ትሄዳለህ እንጂ አትነካውም። ማንኛውም ፎቶ ከመሰቀሉ በፊት ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቃሉ። መልሱን ሄዶ የሚያጣራ የለም፤ ቃል ቃል ነው።

«እጅ ነክቶታል?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ቲቸር!» አለች ፍላሽ። «እንዳለ ነው ያነሳሁት። ቀንድ አውጣ አብራኝ ነበረች፤ እሷን ይጠይቋት።»

ሁሉም ወደ ቀንድ አውጣ ዞሩ። ፍላሽ ጠቀስ አደረገቻት። የቀንድ አውጣ ጭንቅላት ከእሷ ሳይማከር «አዎ» ብሎ ተነቀነቀ።

«እናንተን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው» አሉ መምህሩ። «ይሄ መሐል ላይ ይሰቀላል።»

ከትምህርት በኋላ ቀንድ አውጣ ወደ ቤት አልሄደችም። በጡብ ፋብሪካው አጥር ዞራ ኩሬው ዳር ደረሰች። ሁለቱ ቅርንጫፎች መሬት ላይ ወድቀዋል፤ ቅጠላቸው ደርቆ ተጠቅልሏል። ንፋስ የሰበረው እንጨት ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ የእነዚህ ግን በመቀስ የተቆረጠ ነው። ጎጆው ራቁቱን ቀርቷል። ባዶ ነው። ከሥሩ ሣሩ ላይ ጥቂት ግራጫ ላባ ተበትኗል። የመብራት እንጨቱ ላይ አንድ ቁራ ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ያያል።

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምታለች፤ የትልልቅ ሰዎች ጣጣ ይመስላት ነበር።

ፍላሽን በራፋቸው ላይ ጫማዋን ስታጥብ አገኘቻት።

«ቆረጥሽው?»

«ምኑን?»

«ቅርንጫፉን።»

«ውይ፣ እሱን ነው እንዴ? ሁለት ቅርንጫፍ እኮ ነው። አታካብጂ በናትሽ! ተመልሶ ይበቅላል።»

«ጫጩቶቹስ?»

«ምን ሆኑ?»

«የሉም። ላባ ብቻ ነው ያለው። ቁራው እዚያው ተቀምጧል።»

የፍላሽ እጅ ከነብሩሹ ቆመ። ከልቧ የደነገጠች መሰለች። ወዲያው ግን ተመልሳ ጫማውን መፈግፈግ ጀመረች። «ታዲያ ቁራውን እኔ ነኝ የላክሁት?»

«የእህትሽ ልደትስ?»

«እውነቱን ብነግርሽ ካሜራውን ትሰጪኝ ነበር?»

አትሰጣትም ነበር። ሁለቱም ያውቁታል።

«ስሚኝ» አለች ፍላሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «አንቺም ራስሽን ነቅንቀሻል። አሁን ብትናገሪ ሁለታችንም ውሸታሞች ነን። ደግሞ ነገ አባቴ ይመጣል። እሱ ከእህቴ ውጤት ሌላ የሚታየው ነገር የለም። አንድ ቀን እንኳ በእኔ ደስ ይበለው። እሺ? የኔ ቆንጆ?»

ቀንድ አውጣ ፊቷን አዙራ ሄደች። መንገዱን ሙሉ ነገሩን አብሰለሰለችው። ቅርንጫፉ ያናድዳል፣ የልደቱም ውሸት ያናድዳል። ከሁሉ የባሰባት ግን ሌላ ነው። ፍላሽ «እሷን ይጠይቋት» ስትል ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም። የጓደኛዋን ቃል እንደ ካሜራው ተውሳ ወስዳዋለች።

በማግስቱ ጠዋት መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ናቸው፤ ፍላሽ ደግሞ ወንበር ላይ ቆማ መሐል የተሰቀለውን ትልቁን ፎቶዋን ታቃናለች። ከግቢው በር በኩል የወላጆች ድምፅ መሰማት ጀምሯል።

«ቲቸር፣ እኔም አንድ አለኝ» አለች ቀንድ አውጣ።

«አይ አንቺ! እንደ ስምሽ ዘገየሽ እኮ» አሉ እየሳቁ። «ግድግዳው ሞልቷል።»

«ትንሽ ናት። እዚህ ጋ ትበቃለች።»

ፍላሽ ከወንበሩ ወረደች። «ምንድን ነው እሱ?»

«የቅጠል ፎቶ።»

የፍላሽ ፊት ተለዋወጠ። ቀስ ብላ የጓደኛዋን ክንድ ያዘች። «ተይ» አለች በሹክሹክታ። «አባቴ በር ላይ ነው። ተይ፣ እባክሽ።»

ቀንድ አውጣ እጁን አየችው። ይህን እጅ ገና ፊደል ሳይለዩ ነው የያዘችው። ቢሆንም ክንዷን አላቅቃ ፎቶዋን ከትልቁ ፎቶ አጠገብ ለጠፈችው። ያው ጎጆ፣ ያው ቁጥቋጦ፤ በዚህኛው ላይ ግን ቅርንጫፎቹ እንደ ጃንጥላ ተደፍተዋል፤ ከሥራቸው አንዲት ዓይን ታያለች።

መምህሩ እንደ ልማዳቸው፣ ግድግዳውን እንኳ ገና ሳያዩ ጠየቁ፦ «እጅ ነክቶታል?»

«ይሄኛውን እጅ አልነካውም» አለች። «ትናንት ግን ዋሽቼዎታለሁ፣ ቲቸር።»

መምህሩ ሳቃቸው ጠፋ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ትንሹን ፎቶ አዩ፣ ትልቁን አዩ፣ እንደገና ወደ ትንሹ ተመለሱ። ፍላሽ አንገቷን ደፋች። የወላጆቹ ድምፅ ኮሪደሩ መግቢያ ላይ ደርሷል።

ቀንድ አውጣ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። መጠበቅ ታውቅበታለች።