ምርትና ግርድ

ቪሌም የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱን በር ከውስጥ ቀረቀረ። ከማሞቂያው ቧንቧ ጀርባ እጁን ሰደደ።

ወረቀት።

«አስራ ስድስቱንም አሃዝ ላክ። እንዳታጠጋጋ። ደወል።»

ደወል በአካል አይቶት የማያውቀው አገናኙ ነው። ለደወልም ቪሌም «ሸማኔ» የሚል የምስጢር ስም ብቻ ነው። በብርኖ የስሌት ተቋም ሠራተኛ መስሎ ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ተቋሙ የሚያሰላውን የሚሳይል ሰንጠረዥ ድንበር ሊያሻግር። ባለፈው ሳምንት የራሱ የስሌት ገጽ ስላልደረሰለት የሥራ ጓደኛውን የሂኔክን ገጽ አንድ አሃዝ ሳያጎድል ገልብጦ ልኳል።

ተቋሙ ሲመለስ ሂኔክ ቋሊማውን እየገመጠ ሳቀበት።

«ታጥበህም ይህ ነህ? ውሃው ተስፋ ቆርጦብህ ነው!»

ቪሌም ወደ ስሌቱ ኃላፊ፣ ወደ ዶክተር ሉድሚላ ጠጋ አለ።

«ዶክተር፣ አስራ ስድስቱም አሃዝ ይጠቅማል?»

«ምን ሊያደርግልህ፣ የኔ ልጅ? የለውጡን ፍጥነት የምናወጣው በነጥቡ ዙሪያ ክብ አዙረን ነው። ክቡ በጠበበ ቁጥር እኩል ለመሆን ምንም ያልቀራቸው ቁጥሮች ይቀናነሳሉ። ምርቱ ይጠፋና ግርዱ ይቀራል። ከዘጠነኛው አሃዝ ወዲያ ግርድ ነው።»

«የሁላችንም ግርድ አንድ ነው?»

«የት አንድ ይሆናል! ከላይ ታዝዤ ለየአንዳንዳችሁ የተለያየ ክብ ሰጥቻችኋለሁ። ዘጠኙ ይገጥማል፣ ግርዱ የየራሳችሁ ነው። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

ቪሌም ከቧንቧው ጀርባ ያገኘውን ወረቀት አስታወሰ።

ለሚሳይል ዘጠኙ ይበቃል። ግርዱን የሚፈልገው ላኪውን ለይቶ ሊይዝ የሚሻ ሰው ነው።

ደወል ሸጦታል።

በሩ ተበረገደ። ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች።

«ሂኔክ ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምነው ቋሊማው ካለቀ በኋላ መጣችሁ?»

ማንም አልሳቀም። ክንዱን ጠመዘዙት።

«ቪሌም! ተሳስታችኋል በላቸው እንጂ!»

የተላከው ግርድ የሂኔክ ነበር፤ እሱን ለማዳን አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ቪሌም አቀረቀረ።

በማግስቱ ለክፉ ቀን ያቆየውን መንገድ ተጠቀመ። ዘጠኝ ዘጠኝ አሃዝ ብቻ የጻፈበትን ሰንጠረዥ ለቪየናው ባቡር ቲኬት ቆራጭ ሰጠ። ሰንጠረዡ ደረሰ። ጥርጣሬ እንዳይነሳበት ግን በየቀኑ ከሂኔክ ባዶ ወንበር ጎን ተቀመጠ።

ሂኔክ በረዶ ሳይጥል እስር ቤት ሞተ። ሚስቱ ጥቁር ጠርዝ ያለውን የሐዘን ወረቀት በየግድግዳው ለጠፈች። ቪሌም የባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አነበበው። ከለቀስተኞቹ ስም መጨረሻ እንዲህ ይላል፦ «ቪሌም፣ ያልከዳው ጓደኛው»።

ባቡሩ ላይ ወጣ።

ድንበሩ ላይ ጠባቂው ሐሰተኛ ፓስፖርቱን ገልጦ እዚያ በተጻፈው ሌላ ስም ጠራው።

«አቤት» አለ።