ሁለቱም የተዉት ቤት

ቤዛዊት ቤቱን ገና ከደጅ ስታየው ነው ያለቀላት። እውነቴን ነው! መኪናዋን እንኳ በደንብ ፓርክ አላደረገችም። ፍሮግታውን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው የተሠሩ ስምንት ቀያይ የጡብ ቤቶች አሉ። መቶ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዱ ከመሃል ቢወጣ ሌሎቹ የሚወድቁ ነው የሚመስሉት። የአምስተኛው ደጅ ላይ የሽያጭ ምልክት ተተክሏል።

«የኔ ነው» አለች። ቤዚ እንደዚህ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ነርስ ናት፣ አንዴ ከወሰነች ወሰነች።

ቤቱ ያን ቀን ለገዢ ሁሉ ክፍት ነበርና ገብታ አየችውና ደወለች። እናቷ ወይዘሮ እህተማርያም ግን ስልክ ላይ ጮኹ። «አሮጌ ቤት? ጎረቤት ባስነጠሰ ቁጥር ‹ይማርህ› ስንል ልንውል?»

«እማዬ፣ ታች መኝታ ቤት አለው! ደረጃ የለም!»

«ደረጃ የለም?» አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ወርዶ። ብሩክሊን ሴንተር ያለው አፓርታማቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው ከታመመ ወዲህ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ አይወርዱም። ቤዚ ቤት የምትፈልገው ለዚህ ብቻ ነው፤ እናቷ ደስ ባላቸው ሰዓት በር ከፍተው እንዲወጡ።

ስልኩን ዘግታ ከቤቱ ሥር ወዳለው ምድር ቤት፣ ቤዝመንት፣ ወረደች። እና እናንተዬ፣ ታች ማንን ብታገኝ ጥሩ ነው? አንድ ረጅም ወጣት፣ ግማሽ አካሉ የቤቱ ማሞቂያ፣ ፈርነሱ፣ ውስጥ ገብቶ!

የጥገና ሠራተኛ መሰላት። በእንግሊዝኛ «ይሠራል?» አለችው።

«ይሠራል። ትንሽ ያስለዋል እንጂ» አላት በአማርኛ፣ ከዚያው ከውስጥ ሆኖ።

«አማርኛ! እንዴት አወቅክ?»

«‹እማዬ እማዬ› ስትዪ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል እኮ።» ራሱን አወጣ። ጉንጩ ላይ ጥላሸት፤ ዓይኑ ግን... ወይኔ ዓይኑ! «ያደታ እባላለሁ።»

«ቤዛዊት። ስማ ያደታ፣ ቁጥርህን ስጠኝ። ቤቱን ስገዛው ፈርነሱን የምትሠራልኝ አንተ ነህ።»

«ሥራዬስ እሱ ነው» ብሎ ሳቀ። «ግን ትንሽ ይቸግራል። ቤቱን የምገዛው እኔ ነኝ።»

ቤዚ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «እናያለን።»

«እናያለን» አላት፣ ዓይኑን ሳይነቅል። እሷም አልነቀለችም። በመጨረሻ ፈርነሱ ነው ያሳለው።

የቤቱ ባለቤት እትዬ እታፈራሁ ይባላሉ፤ ሠላሳ ዓመት ኖረውበት አሁን አትላንታ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። ብዙ የዋጋ ኦፈር መጣላቸው፤ ከሁሉም የተሻሉት የቤዚና የያደታ ሆኑ፤ ደግሞ እኩል! እትዬ ሁለቱንም ጠሩና እንዲህ አሏቸው።

«ግድግዳ ለማያውቁት ሰው አይሰጥም፣ ልጆቼ። ቅዳሜ ኑና ጎረቤቶቼ ይዩአችሁ።»

እዚያ ረድፍ ቅዳሜ ጠዋት ማንም ቤቱ አይቀመጥም። ከሩቅ ምሥራቅ የመጣው ህሞንግ፣ ሶማሌው፣ ፈረንጁ፣ ጥቁሩ፣ የስምንቱ ቤት ሰው በሙሉ ይወጣና የጓሮውን መንገድ አብሮ ያጸዳል። ወሩ ኦክቶበር ነበር፤ የረገፈው ቅጠል እስከ ጉልበት! ቤዚ መሰላል ላይ ወጥታ የጣራውን አሸንዳ ስትጠርግ ያደታ ከታች መሰላሉን ያዘላት።

«ብጥልሽ እኮ ቤቱ የኔ ነው» አላት።

«ከነመሰላሉ አንተው ላይ ነው የምወድቀው!»

ኧረ ተዉኝ! ቃሉ አምልጧት ነው እንጂ እንዲያ ልትል አልነበረም። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ። እሷም እፍኝ ሙሉ እርጥብ ቅጠል ራሱ ላይ ጣለችበት፣ እንዳያያት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ የጓሮው በር ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ህሞንጓ ጎረቤት እንደ ሳምቡሳ የሚጠበስ ትኩስ ስፕሪንግ ሮል በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

«አሁን የት ነው የምትኖረው?» አለችው ቤዚ።

«ከአራት የአጎቴ ልጆች ጋር። ሦስት ዓመት ሶፋ ላይ ነው የተኛሁት። እግሬ ስለሚተርፍ ወንበር እቀጥልበታለሁ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «አንቺስ? ለምንድን ነው እንዲህ የምትታገዪው?»

ስለ እናቷ ነገረችው። ከመስኮት ሆነው መኪና ሲቆጥሩ እንደሚውሉ። ባለፈው የበረዶ ወራት ሦስት ሳምንት ሙሉ ንፋስ እንዳልነካቸው።

 ያደታ አያት፤ ረጅም፣ ረጋ ያለ አስተያየት። የመጨረሻዋን ስፕሪንግ ሮል ወደ እሷ ገፋት። እሷ ወደ እሱ መለሰቻት። እንደገና ገፋት። በመጨረሻ ሁለቱም ሳይበሏት ቀዘቀዘች።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ሐሙስ ዕለት ያደታ ለቤት ደላላው፣ ለሪልተሩ፣ ደውሎ «ኦፈሬን ካንስል አድርግልኝ» አለ። ያው ሐሙስ፣ ቤዚ በምሳ ሰዓቷ ለሪልተሯ ደውላ «ኦፈሬን ካንስል አድርጊልኝ» አለች። ሁለቱም ለሌላው ብለው! አንዳቸው ለአንዳቸው ሳይነግሩ!

አርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ እታፈራሁ በስልክ ጠሯቸው። ሲደርሱ ባዶው ወጥ ቤት መሃል ቆመው እየነደዱ ነበር።

«ቤት ነው እኮ! ቤት ነው እንጂ ሬስቶራንት ሂሳብ ሲመጣ ‹እኔ ልክፈል፣ ኧረ በሞቴ እኔ ልክፈል› የምትባባሉበት መሰላችሁ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...» አለች ቤዚ።

«ዝም በይ! አንተም! አሁን የቀረው ክፍል ክፍሉን ቆራርጦ ሊያከራየው የሚፈልግ ኩባንያ ነው። ጎረቤቶቼን ማየት እንኳ አልፈለገም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መልስ ካልሰጠሁት እሱም ይሄዳል፤ ሌሎቹማ ሄደዋል።» ሻርፓቸውን ጠቀለሉ። «ደጅ ነኝ። ተነጋገሩ።»

የቤዚ ስልክ አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል።

«ማን ለምኖህ ነው?» ቤዚ ጮኸች። እንባዋ መጥቷል፤ ይኼ ደግሞ ይብስ አናደዳት። «እኔ እኮ ከሶፋ እንድትነሳ ብዬ ነው የተውኩት!»

«እኔ ደግሞ እናትሽ እንዲወጡ ብዬ ነው።» ራሱን አቀረቀረ። «እ... እሱ ብቻ ግን አይደለም።»

«ሌላስ?»

«እኔ ከገዛሁት አንቺ ቅዳሜ አትመጪም። አንቺ ከገዛሽው ግን... ፈርነሱን ለማየት ብዬ መምጣት እችላለሁ።»

 በዚያ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል የጎረቤት ቧንቧ ሲፈስ ይሰማል። ቤዚ አየችው፣ ደግማ አየችው። ግን ቤዚ ናት እኮ! እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ስማኝ። ቤቱን እኔ እገዛዋለሁ፤ ለእናቴ። ሁለተኛ ግን ለኔ ብለህ፣ እኔን ሳትጠይቀኝ ነገር እንዳትተው።»

«እሺ። አንቺም።»

«እኔም። ደግሞ ለፈርነስ ብለህ አትምጣ።»

«ለምን ብዬ ልምጣ ታዲያ?»

«ለኔ!»

አለችው! ፊት ለፊት! ያደታ እጇን ያዘ፤ እጁ ሻካራና ትኩስ ነበር። አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ሪልተሯ ጋ ደወለች፤ በሌላኛው እጇ ነው እንግዲህ፣ ያኛውንማ አልለቀቀውም።

ወይዘሮ እህተማርያም በታኅሣሥ ገቡ። በረዶው አልፎ ሙቀቱ ሲመጣ ደጅ ወንበር አውጥተው ከህሞንጓ ሴትዮ ጋር፣ አንዳቸው የአንዳቸውን ቋንቋ ሳያውቁ፣ ሲሳሳቁ ይውላሉ። ያደታም እግሩ የማይተርፍበት አልጋ ያለበት ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ተከራየ፤ ቅዳሜ ቀርቶበት አያውቅም።  እማማ ይውደዱት ይጥሉት ቤዚ እንኳ አታውቅም፤ ስትጠይቃቸው «የሰው ልጅ ነው» ብለው ያልፉታል። ይኼ ምን ማለት ነው?!

ከዚያ ዓመት ዞሮ ጥር ገባና ሦስት ሽማግሌዎች በረዶ እየረገጡ መጡ። መሪያቸው አቶ ቦጋለ የሚባሉ አውቶቡስ ነጂ ናቸው። ሳሎን ገብተው ቆሙ።

«ተልከን ነው የመጣነው። እሺታውን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ።

ቤዚ ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ተለጥፋ ትሰማለች።

«ለመሆኑ ልጁ ቤት አለው?» አሉ እማማ፣ ኮስተር ብለው።

አቶ ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እህ... አለው እንኳ አይባልም። አንድ ሊገዛ ነበር። ትቶት ነው።»

«ለማን ብሎ?»

አቶ ቦጋለ ጣሪያውን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ፣ የቆሙበትን ወለል አዩ። «ለእርስዎ፣ እመቤት።»

እማማም ወለሉን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። ቤዚ ሞተች! ከዚያ ድምፃቸው መጣ።

«ቤዚ! አንቺ ከበሩ ኋላ ያለሽው! ሽማግሌ ቆሞ ታያለሽ እንዴ? ወንበር አምጪ እንጂ!»