ከእንባ የማይበልጥ ጨው

ዶክተር ይልቃል ሞቶ የተገኘው በዒድ ጠዋት ነው። ከሚሴ ነጭ በነጭ ሆና፣ ሰዉ የልብሱን ጫፍ ከጭቃ እየሰበሰበ ከሶላት ሲመለስ፣ ዶክተሩ ከሚመራው የሕፃናት ጥናት ጣቢያ ግቢ የቶይባ ጩኸት ተሰማ። ጊዜው ሐምሌ 1974 ዓ.ም. ነበር፤ ዝናቡም ለበዓል ብሎ አላባራም።

መቶ አለቃ ሲራጅ የበዓል ልብሱን ሳይቀይር ደረሰ። የአገሩ ልጅ ነው፤ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ መርማሪ። ከመጠየቁ በፊት ብዙ ያያል፤ ሰዉም «ሲራጅ ዝም ካለ ሽሽ» ይላል።

ሟቹ ሆዱን እንደያዘ አልጋው ላይ ተኮማትሮ ቀርቷል። ራስጌው ካለው ጠረጴዛ ላይ የታጠበ ትልቅ ጆግ፣ አንድ ብርጭቆና አንድ ሲኒ አሉ። ሲኒው ሥር የደረቀ ነጭ የጨው ቀለበት ይታያል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሦስት ዶሮዎች ሞተው ተዘርረዋል።

«ትናንት ተቅማጥ ሲያመው ስለዋለ የተኛ መስሎኝ ነው» አለች ቶይባ፣ የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ። «በጆጉ የተረፈውን ደጅ ደፋሁት፣ አጠብኩት። ዶሮዎቹ ከደፋሁት ጠጡ። ስመለስ ነው መሞቱን ያየሁት።»

መጋዘኑ ውስጥ፣ አይጥ ስኳሩንና የዱቄት ወተቱን እንዳይጨርስ ተብሎ የተቀመጠው መርዝ ግማሹ ጎድሏል። ሽታም ጣዕምም የሌለው ነጭ ዱቄት ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ምስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ሦስቱም የጣቢያው ሠራተኞች ያውቁታል።

የቀበሌው ካድሬ ጓድ ፈለቀ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ያለቀ ነው። ልጇ በጥናቱ ሞቶባታል፤ ጆጉን ያጠበችው እሷ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ያመጣነውን ምሁር ገድላለች። አራት ቀን አለህ፤ ሌላ ሰው ካላመጣህ በሴትዮዋ ላይ አብዮታዊ ርምጃ እንወስዳለን።»

አብዮታዊ ርምጃ ምን እንደሆነ የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሬሳውን እንኳ ለቤተሰብ አይሰጡም።

ቶይባን ፖሊስ ጣቢያ ወስዶ፣ በርጩማ አስቀምጦ ጠየቃት።

«ትጠዪው ነበር?»

«ወላሂ እጠላው ነበር! ‹የተቅማጡን ውሃ ያለ ልክ በጥብጠሽ ልጅሽን ገደልሽው› ተባልኩ። ባሌ ፈታኝ። አማቴ ዛሬም ‹ልጇን ያረደች› ነው የምትለኝ።»

«ታዲያ ለምን እሱ ዘንድ ሥራ ገባሽ?»

«በየቀኑ ፊቴን እያየ እንዲበላ ነዋ!» አለች ቶይባ። ዓይኗ ደረቅ ነበር። «ቁርሱን ሲበላ ፊቱ እቆማለሁ። አንድ ቀን ያንቀዋል እል ነበር። ለምን እገድለዋለሁ? ከሞተ ማን ያየኛል?»

«ትናንት ሲያመው የሚጠጣውን ማን በጠበጠለት?»

«እኔ የከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ያኔ ጆጉ ባዶ ነበር። ከኔ እጅማ ውሃም አይጠጣም። ‹አንቺ መበጥበጥ አትችዪም› ነው የሚለኝ።»

ሁለተኛዋ ሲስተር ሸሪፋ ነበረች፤ የሕፃናት ነርስ ናት። ሕፃናቱን የምትመዝነው፣ የክብደታቸውን ካርድ የምትሞላው እሷ ናት። ጥያቄ ሳትጠብቅ የዶክተሩን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«እኔም ጠልቼው ነበር፣ መቶ አለቃ። ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት።»

«ጥናቱ ምን ነበር?»

«ለተቅማጥ የሚሰጠውን የስኳርና የጨው ውሃ እናቶች በምን ቢለኩት ይሻላል የሚል። ግማሾቹ መንደሮች ጨዉን በሦስት ጣት እንዲቆነጥሩ፣ ግማሾቹ በለስላሳ ቆርኪ እንዲሰፍሩ አስተማርን። ቆርኪው የሰንበቴ ገበያን ድቅቅ ጨው ከልክ በላይ ያዘ። ጨው የበዛበትን ሕፃን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ አይመለስም።»

«የሚያስጠነቅቅ ነገር አልነበረም?»

«ነበር እንጂ። እናት መጀመሪያ ትቀምሳለች፤ ከእንባ ከበለጠ ትደፋዋለች። የእሱ የራሱ ሕግ ነው። ለባለ ቆርኪዎቹ ግን እንዳንነግራቸው ከለከለን፤ ‹ቆርኪው ለብቻው ይፈተን› አለ።» ደብተሩን ገልጣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «ሁለተኛው ሕፃን ሲሞት ‹እናቁም› አልኩት። የጻፈውን ያንብቡ።»

ሲራጅ ጣቷ ያረፈበትን መስመር አነበበ። «ቁጥሩ እስኪሞላ ይቀጥል» ይላል በእንግሊዝኛ። ከሥሩ ሰባት ስሞች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ትይዩ «የእናት ስህተት» ተብሏል። ሦስተኛዋ መድና ዑመር፣ አምስተኛው የቶይባ ልጅ ጣሃ ነበሩ። ሲራጅ እሱም ሁለት ልጆች ቀብሯል። ደብተሩን ከደነው፤ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ባያውቅ ኖሮ ደስ ባለው።

«እሱ ራሱ ሲያመውስ?»

«የበጠበጠው ሰው ፊቱ ካልቀመሰ ጠብ አያደርግም። ለዚህ የምንጠቀምበት ሲኒ አለ።»

«ትናንት የት ዋልሽ?»

«ጨፋ ሮቢት፣ ሕፃናት ስመዝን። ሹፌሩና እናቶቹ ይመስክሩ። የገባሁት ጀንበር ጠልቃ፣ ከመግሪብ በኋላ ወዲያው ነው፤ በመስኮት ሳየው ጆጉ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር።»

«ሌላው ሠራተኛ ዑመርስ?»

«ዑመር? ወባ እያንዘፈዘፈው እንኳ ጾም የማይፈታ ሰው! ሠላሳውንም ይዞታል፤ አንድ አልጎደለበትም። በጾም ቀን ማንም ቢቀምስ እሱ አይቀምስም።»

ዑመር የጣቢያው ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳት፣ አስተርጓሚም ነው። በየመንደሩ ዶክተሩ በአማርኛ የሚለውን በኦሮምኛ ለእናቶች የሚናገረው እሱ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፤ ጣቶቹ የጸሎት መቁጠሪያውን ሙስበሃ አይለቁም።

«አካም ጂርታ፣ ዑመር?»

«ነጋ፣ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ።»

«የዒድ ሶላት ላይ አጣሁህ።»

«ሌሊቱን ሆዴን ሲያመኝ አደረ።»

«ለዶክተሩ ማን በጠበጠለት?»

«አላህ ያውቃል።»

«መድና ልጅህ ነበረች።»

ዑመር አንዲት የሙስበሃ ፍሬ ገፋ። «ልጄ ነበረች። ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር» አለ። ሲራጅም አላስጨነቀውም።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሲራጅ ሁሉንም ጥናት ጣቢያው ሰበሰባቸው። ቶይባን ከእስር አምጥቷታል። ጓድ ፈለቀ ሽጉጡን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ጆግ ውሃ፣ ስኳርና ጨው ተደርድሯል።

«እያንዳንዳችሁ እንደምታውቁት በጥብጡ፤ ከዚያ ቅመሱ፤ ከእንባ ከበለጠ ይደፋል» አለ ሲራጅ።

ሲስተር ሸሪፋ በጥብጣ ቀመሰች። ቶይባ እንደ ሲስተር በሦስት ጣቷ ቆንጥራ በጠበጠች፣ በማንኪያም ቀመሰች። «ይቺን ታህል ነገር ነው የደበቁኝ? ቅመሽ የምትል አንዲት ቃል?» አለች። ከታሰረች ወዲህ መጀመሪያ ያለቀሰችው ያኔ ነው።

ዑመር ከሁለቱም በላይ በቀለጠፈ እጅ በጥብጦ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«አልቀመስክም።»

«ጾመኛ ነኝ።»

«የሸዋል ስድስቷ ናት?»

«አዎ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ ከዒድ በኋላ ስድስቱን የሚጾም በከተማው ሞልቷል። ሰው ግን ኒያውን፣ ለምን እንደሚጾም፣ አይዋሽም፤ ዑመርማ ቢሞትም አይዋሽም።

«አይ፣ ቀዷ ነው» አለ።

ጓድ ፈለቀ ፊቱን አጨማደደ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ያመለጠ የረመዳን ቀን ማካካሻ ነው፣ ጓድ» አለ ሲራጅ፣ ቀስ ብሎ። «አሁን አብረን እንሂድ። ዶክተሩ የበጠበጠው ሰው ፊቱ ካልቀመሰ አይጠጣም። ሲኒው ሥር የደረቀ ጨው አለ፤ ስለዚህ ገዳዩ ቀምሷል። ሲቀምስ ቀኑ ነው፤ ቶይባ በዐስር ስትወጣ ጆጉ ባዶ ነበር፣ ሲስተር ከመግሪብ በኋላ ስታይ ሊያልቅ ደርሷል።»

«ቶይባ ዋሽታ ቢሆንስ?»

«ብትዋሽም እንኳ ከእጇ አይጠጣም። ‹ያለ ልክ የምትበጠብጥ› ብሎ በደብተሩ የጻፋትን ሴት መድኃኒት አዘጋጂልኝ አይላትም። ሲስተር ጨፋ ሮቢት መዋሏን ስድስት እናቶች መስክረዋል። የቀረው ዑመር ነው፤ ግን ዑመር ጾም አይፈታም ብሎ ከተማው ሁሉ ይምላል። ግራ የገባኝ እዚህ ላይ ነበር። ሠላሳውንም የጾመ ወንድ ቀዷ ከየት መጣበት? ሴት ብትሆን የወር ምክንያት አላት፤ እሱስ? አንዷን ቀን የፈታው መርዙን ሲቀምስ ነው። በማግስቱም ሆዱን አሞት ከዒድ ሶላት ቀረ። ዑመር፣ አንድም አልዋሸኸኝም። ‹አላህ ያውቃል› ብለኸኝ ነበር።»

ዑመር ሙስበሃውን ኪሱ ከተተ።

«በምላሴ ነክቼ ልተፋው ነበር። ‹ዋጠው፣ ጉሮሮህን ልየው፤ ሕጉ ረመዳን አያውቅም› አለኝ። ዋጥኩት። አንድ ጉንጭ ለእኔ፣ ሰባት ብርጭቆ ለእሱ። በየብርጭቆው የአንዱን ልጅ ስም በልቤ እየጠራሁ ነው ያጠጣሁት። በሦስተኛው ‹ጣፋጭ ነው› አለኝ። የመድና ነበር።»

«ለምን ያን ቀን?» አለ ሲራጅ።

«ደብተሩን ሲስተር ያነበበችልኝ በዚያ ሳምንት ነው።» ሸሪፋ አንገቷን ደፋች። «እስከዚያ እኔም አምኜው ነበር። ሰባቱንም እናቶች ‹በእጃችሁ ገደላችሁ› ያልኳቸው በዚህ አፌ ነው። ከሰባቱ አንዷ ሚስቴ ሀዲጃ ናት። ዛሬ ሰንበቴ እናቷ ቤት ተቀምጣ ያለ ጨው ትበላለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሱ ረስቶት ነበር፤ አስታወስኩት።»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል» አለ ሲራጅ።

«ቂሙን ጨርሼ ነው የጸለይኩት።»

ቶይባ ብድግ አለች። «እኔን ሲያስሩኝስ? አፍህን የዘጋኸው ለምን ነው?»

«ዛሬ ጾሙን አፍጥሬ ልናገር ነበር፣ እቴ። ወላሂ። የሰው ነፍስ በእጄ አለ፤ በእሱ አላህ ይፍረድብኝ። ለአላህ ያለብኝን ቀን ግን ሳልከፍል መሞት አልፈለግኩም።»

«ቂሜን ቀማኸኝ!» አለች ቶይባ። «እኔ በሕይወት ነበር የምፈልገው! በየጠዋቱ እንዲያየኝ!»

ዑመር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ሰበረ።

ጓድ ፈለቀ ተነሣ። «ውሰዱት!»

«መግሪብ ይድረስ» አለ ሲራጅ። ድምፁን አላነሣም፤ ግን ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። ካድሬው ሽጉጡን አየ፣ የሲራጅን ፊት አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁሉም ዝናቡን እየሰሙ ጠበቁ።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቶይባ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ራሷ ከበጠበጠችው ጆግ ብርጭቆ ሞላች። ዑመር ፊት ቆማ አንድ ጊዜ ተጎነጨች፣ እያየችው ዋጠች፣ ብርጭቆውንም ዘረጋችለት።

«ጠጣ» አለችው። «ከእንባ አይበልጥም።»

ዑመር ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ።