የዱርሲቱ ሁለተኛ መርዶ

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት በግንቦት ወር፣ የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ከሰው ባራቀበት ዘመን፣ የሱሉልታ ሜዳ ጉም ለብሶ ነበር፤ ሰው መሰብሰብ በአዋጅ በመከልከሉ የለቅሶ ድንኳን አይተከልም፤ ሕዝቡም ከመፍራት ብዛት ማዘን እንኳ ደክሞት ነበር።

በዚያ ወር የወተት ሻጯ የዱርሲቱ አንድ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ ቢቂላ፣ በበሽታው ሞቶ ሩቅ አገር ተቀበረ። በአገሩ ወግ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከቦ ቆሞ ነው፤ የሟች ባሏ ወንድም ኦቦ ዋቆ ግን በሽታውን ፈርተው በስልክ ነገሯት። ብቻዋን ነበረች። እንደተቀመጠች ቀረች፤ ዘጠኝ ቀን አላለቀሰችም፤ እህል አልወርድ፣ ትንፋሽም ከጉሮሮዋ አላልፍ አላት። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ እሷን ግን ሆዷ ሊፈጃት ነበር።

ኦቦ ዋቆ ተጸጽተው ከቡራዩ አልቃሿን ወይዘሮ የሺወርቅን ለምነው አመጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በሰው ሐዘን ጉልበታቸው ያለቀ ሴት ነበሩ።

«በስልክ ነገርካት?» አሉ። «እንግዲያው አልተነገራትም። ነገ ማለዳ ደግመህ ትነግራታለህ።»

«እትዬ፣ አንድ መርዶ ሁለቴ?»

«ሁለቴ። ያን ጊዜ የሚይዛት አልነበረም።»

በማግስቱ ሲነጋ ከቤት ወደ ግቢዋ አወጧት። ኦቦ ዋቆ ጋቢያቸውን አደግድገው ፊቷ ቆሙ።

«ዱርሲቱ፣ ቢቂላ አርፏል።»

መሬት ልትቀመጥ ስትል አሮጊቷ አዋጁን ረስተው ብብቷን ደገፏት።

«አትቀመጪ፤ ተራመጂ። ደረትሽን ምቺ፤ ስትመቺ ትንፋሽሽን ልቀቂው።»

«እህ» አለች፤ ደረቅ ነበር።

«ድገሚ። እግርሽ አይቁም።»

ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ እርምጃ፣ ምት፣ ትንፋሽ። በሦስተኛው ዙር ትንፋሿ ከአንጀቷ ወጣ።

«ቢቂላ ኮ! የኔ ቢቂላ! ልጄን!»

እንባዋ ወረደ። ወይዘሮ የሺወርቅ ሙሾ ሊያወጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የእሳቸው ትንፋሽ ግን አልቆ ነበር። አጥሩን ተደግፈው አብረው አለቀሱ። ረፋዱ ላይ ዱርሲቱ ውኃ ጠየቀች።

የዚያ ወር መዝገብ የሞቱትን ቆጥሯል፤ ቢቂላም እዚያ ውስጥ አንድ ቁጥር ነው። በዚያ ማለዳ ትንፋሿ የተመለሰላትን እናቱን ግን የመዘገበ የለም።