ሠላሳውም ልክ የሆነው ወረቀት

ሰገነት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ነው። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው። ታላቅ እኅቷ ዘርትሁን ኮተቤ መምህርነት ተምራ ስትጨርስ፣ ሁለት ቀን በመኪና ወደሚያስኬድ ቆላ አገር ተመደበች። ልጆች፣ ሰገነት እኅቷን ምን ያህል እንደናፈቀች ልንገራችሁ? ጥላው የሄደችውን ሹራብ እናቷ እንዳታጥበው ደብቃው ነበር።

ዘርትሁን እዚህ ሳለች እንግሊዝኛ ታስጠናት ነበር። ሰገነትን ያስቸገሯት ኢን፣ ኦን እና አት ናቸው። እኛ «በአዲስ አበባ»፣ «በሰኞ ዕለት»፣ «በሦስት ሰዓት» ብለን በአንድ «በ» እንገላገላለን። እንግሊዝኛ ግን ለየአንዳንዱ ሌላ ሌላ ቃል አለው። አትሳቁ፣ እኔም በልጅነቴ አልቅሼባቸዋለሁ።

በጥር ወር ዘርትሁን ባዶ ቦታ ያላቸው ሠላሳ ጥያቄዎች በእጇ ጽፋ፣ ፎቶ አንስታ በእናታቸው ስልክ ላከች። የት የት እንደምትሳሳቺ ልይና ለእረፍት ስመጣ እሱን አብረን እንሠራለን አለች።

ሰገነት ስድስቱን እንደምንም ሞላች። ሰባተኛው ላይ ተያዘች። ብዙ ከሳትኩ እትዬ ታዝንብኛለች ብላ ፈራች። ስለዚህ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቷን ኤልቃናን ለመነችው። እሱ የክፍሉ አንደኛ ነው። ሁሉንም ሠራላት፤ እሷም በራሷ እጅ ገልብጣ ላከች።

ማክሰኞ ዘርትሁን ደወለች። ሠላሳውም ልክ ነው ብላ አመሰገነቻት። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ሰግዬ፣ እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነበር የምመጣው። እዚህ ሚኒስትሪ የሚፈተኑ ልጆች በእረፍቱ አስጠኚን ብለው ለምነውኛል። አንቺ ከቻልሽማ ለእነሱ ልቅርላቸው። ለፋሲካ እመጣለሁ።»

ሰገነት እሺ አለች።

ሁለት ቀን አወጣች አወረደች። እውነቱን ብትናገር ታፍራለች፤ ዝም ብትል እኅቷ አትመጣም። ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ስልኩን አነሳች።

«እትዬ፣ እኔ አልሠራሁትም። ኤልቃና ነው የሠራልኝ። የሞከርኩት ስድስት ብቻ ነው፤ እነሱንም እንጃ።»

ዘርትሁን ለልጆቹ እሺ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም አለች። ሰገነት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኅቷ አልተቆጣቻትም። ራስሽ ሠርተሽ ላኪልኝ፣ የሳትሻቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሁለቱን በስልክ እንሠራቸዋለን አለቻት።

ሰገነት ብቻዋን ሠራች። አሥራ ስምንቱን ስታለች። ቅዳሜዎቹን በጣቷ ስትቆጥር ዘጠኝ ሆኑ። ምነው ሌላም ብስት ኖሮ ብላ ተመኘች።

ልጆቼ፣ የሚወዱን ሰዎች በቅርብም በሩቅም ሆነው የሚያቃኑን ጉድለታችንን ስናሳያቸው ነውና፣ ስህተታችንን ከእነሱም ከእግዚአብሔርም አንደብቅ።