የአራጌ አውራ ጣቶች

አራጌ ዓባይ ዳር አሸዋው ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣ በሰው ጋቢ ተሸፍኖ ነበር። ከመስቀል ወዲህ ውሃው መጉደል ቢጀምርም ገና ድፍርስ ነው። ሬሳውን ጎትቶ ያወጣው ዓሣ አጥማጁ ጀብሪል ሲሆን፣ ጋቢውም የእሱ ነው።

ኢንስፔክተር ሸዋረግ ከመካነ ሰላም ተጠርታ ገደሉን በእግሯ ወረደች። በሞተር ጀልባ ቢሆን ከድልድዩ ተነሥታ፣ ከገደሉ የሚወርደውን ፏፏቴ እያየች በአንድ አፍታ ትደርስ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር አለምነው ግን «ሰው የገደለች ጀልባ ሰው አትጭንም» ብሎ ጀልባዋ ከተሰካችበት ቋጥኝ እንዳትላቀቅ አግዷል። ጉድ እኮ ነው! ቢላዋ ታስሮ ያውቃል? አገር አንዴ ካለ ግን አለ ነው፤ ማን ይመልሰዋል!

«ጉልበቴን የገደለው አለምነው ነው» አለች ሸዋረግ ሬሳውን ለሚጠብቀው ፖሊስ ለይሄነው፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ እያለች። «እሱንስ ማን ያግድልኝ?»

ጋቢውን ገለጠች። የአራጌ ራስ ከኋላ በኩል ተፈንክቷል። ጫማው እግሩ ላይ ነው። ሁለቱ እጆቹ ደረቱ ላይ ተገጥመው፣ አውራ ጣቶቹ በነጭ ክር አንድ ላይ ታስረዋል።

«ይሄን ማን አሰረው?»

«እኔ እንጃ። ከመጣሁ ጀምሮ ማንንም አላስጠጋሁም። ዘመዶቹንም እዚያ ዋርካው ሥር ነው ያቆየኋቸው» አለ ይሄነው።

«አንተስ፣ ጀብሪል?»

«ወላሂ አልነካሁትም! አወጣሁት፣ ሸፈንኩት፣ በቃ። የክርስቲያን ሬሳ ነው፣ ሥርዓቱን ወገኖቹ ያድርሱለት ብዬ ፖሊስ እስኪመጣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።»

«ክሩን አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። የሬሳ ነገር አይወራም።»

«ጎበዝ። አሁንም አታውራ።»

ነገሩ በአገሩ አፍ እንዲህ ነው። አራጌና የወንድሙ ልጅ ሄለን በሽርክና ሞተር ጀልባ ገዝተው፣ ገደሉንና ፏፏቴውን ሊያይ ከደሴ ከኮምቦልቻ የሚመጣውን እንግዳ በወንዙ ላይ ያንሸራሽራሉ። የምትነዳው ሄለን ናት። ትናንት ወደ ማታ ጀልባዋን አስራ ቤቷ ወጣች፤ አራጌ ወንዙ ዳር ቀረ። ጠዋት ጀልባዋም የለች፣ አራጌም የለ። እንግዲህ ራሱ ሊነዳ ተነሥቶ የተበላሸ ሞተር ወርውሮታል ተባለ፤ ሞተሩን የምትጠብቀው ደግሞ ሄለን ናት። ይህ ከጸና ሄለን እስር ቤት ትገባለች፣ ጀልባዋም ትወረሳለች።

ሸዋረግ ዋርካው ሥር ከተቀመጡት ሄለንን ለብቻዋ ጠራቻት። ልጅቱ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ አንገቷን ግን አልደፋችም።

«ጥፋቴ ነው በይና በእርቅ ይለቅ ብለውሻል አሉ?»

«አጎቴ አያ ፈንታው ናቸው ያሉኝ። የአያ አራጌ ታናሽ። ሽማግሌ ልሰብስብ፣ ተሳስቻለሁ በይ፣ ጀልባዋን ተይና ነገሩ ይብረድ አሉ።»

«እና?»

«እና አልልም! ባላደረግሁት ልታረቅ? ማሰር ከሆነ እሰሩኝ፣ ይኸው እጄ! ስፈታ ተመልሼ እዚሁ ወንዝ ላይ እነዳለሁ።»

«ኧረ ቀስ በይ እቴ፣ ገና መቼ አሰርኩሽ! ይልቅ ንገሪኝ፤ ማታ ስታስሪያት ሞተሩን እንዴት አድርገሽ ተውሽው?»

«እግሩን ከውሃ አውጥቼ፣ ሽቅብ ቆልፌ። ድንጋይ እንዳይመታው ሁልጊዜ እንደዚያ ነው።»

«እንደተቆለፈ ይነዳል?»

«ውሃ ሳይነካ? ምኑን ይቀዝፋል፣ አየር?» አለች ሄለን፤ ሳታስበው ፈገግ ልትል ነበር።

ሸዋረግ አሸዋውን ይዛ ወደ ታች ወረደች። ጀልባዋ ሁለት ቋጥኝ መሀል ተሰክታለች። የሞተሩ እግር ሽቅብ እንደተቆለፈ ነው። ሸዋረግ መቆለፊያውን በእጇ ነቀነቀችው፤ ጠንካራ ነው።

ስትመለስ መሪጌታ ኪዳነ ማርያምና ፈንታው ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘቻቸው። መሪጌታ ከገደሉ አፋፍ ያለው ደብር አገልጋይ ናቸው።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ጀልባዋን ረግመዋል ይባላል።»

«ረግሜያለሁ። በቅዳሴ ሰዓት ታጓራብናለች! አራጌን ግን እንዴት እረግመዋለሁ? ፊደል አብረን የቆጠርን ወዳጄ ነው።» ሽማግሌው እንባቸው መጣ። «ሳይገነዝ፣ ጣቱን እንኳ የሚያስርለት ሳይኖር፣ እንደ ግንድ ውሃ ወሰደው! ይሄ ነው ያንገበገበኝ።»

«እንደሱ አይበሉ፣ መሪጌታ» አለ ፈንታው ትከሻቸውን ይዞ። «ጣቱስ ታስሮለታል። አብሽሩ።»

ሸዋረግ ወደ ፈንታው ዞረች።

«ጋቢዎ ደስ ይላል፣ አቶ ፈንታው። ማን ፈተለው?»

«እናታችን። ለእኔና ለአራጌ እኩል ነው የፈተለችልን» አለና ጋቢውን ወደ ራሱ ሰበሰበ። ሸዋረግ ግን ዘርፉን አይታው ነበር። ከዳር በኩል ተጎትቶ ተበጥሷል።

ወዲያው ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበቻቸው። አለምነው ቆሞ ለመናገር ጉሮሮውን ሲጠርግ በእጇ አስቀመጠችው።

«አንተ ከጠዋት ጀምረህ ፈርደሃል፤ አሁን እኔ ልናገር። አራጌ ጀልባ እየነዳ አልሞተም። የሞተሩ እግር ሽቅብ እንደተቆለፈ ነው። ማንም አልነዳትም፤ ገመዷን ፈትቶ የለቀቃት ሰው አለ።»

«ሄለን ትሆናለቻ!» አለ አለምነው።

«ሄለን ብትሆን፣ ሲነዳ ወደቀ ለማሰኘት ሞተሩን አውርዳ ትለቃት ነበር። ይሄን የሠራው ጀልባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ፣ ሞተር ነክቶ ግን የማያውቅ ሰው ነው። ደግሞ በገዛ ጀልባዋ አሳብባ ራሷን ታሳስራለች? ሁለተኛ፤ አራጌ ውሃ ሳይገባ በፊት ሞቷል። አውራ ጣቶቹ ታስረዋል።»

መሪጌታ ብድግ አሉ። «ምን አልሽ ልጄ? ታስረዋል?»

«እንደ ግንዘት ሥርዓት፣ በክር።»

«ውሃው ውስጥ ተጠላልፎበት ቢሆንስ?» አለ አለምነው።

«ዓባይ ብዙ ይሠራል፤ ቋጠሮ ግን አይቋጥርም! የሰመጠ ሰውም የራሱን ጣት አያስርም። አራጌ እዚሁ ደረቅ ላይ ተፈንክቶ ሞተ። ከዚያ የሚወደው ሰው እጁን አሰባስቦ አሰረለትና ለውሃው ሰጠው። አዎ፣ የሚወደው! ክፉ ጠላት ቢሆን ገፍትሮት ይሄድ ነበር።»

ሸዋረግ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ጣቶቹ መታሰራቸውን ያየነው ጀብሪል፣ ይሄነውና እኔ ነን። መሪጌታ አላወቁም፤ አሁን ሲሰሙ አያችኋቸው። ቅድም ግን ጣቱ ሳይታሰር ሄደ ብለው ሲያለቅሱ፣ ታስሮለታል ብሎ ያጽናናቸው አንድ ሰው ነው። አቶ ፈንታው፣ ማን ነገረዎት?»

ፈንታው ጋቢውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ክሩ የእናታችሁ ፈትል ነው። የተበጠሰው ዘርፍ እርስዎ ላይ አለ፤ እናስተያየው?»

መሪጌታ ዘወር ብለው ጋቢውን ያዙ፤ የተበጠሰውን ዘርፍ አዩት፣ ለቀቁትም። «ፈንታው! ወንድምህን?»

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም!» ሲል ፈንታው ጮኸ። «ሴት ልጅ እየነዳችለት እንግዳ ሲስቅ አገር ሳቀብን! ቁልፉን ለእኔ ስጠኝ፣ ወንድ ይንዳት አልኩት። ትነዳለች፣ ደስ ካላለህ በእግርህ ዙር አለኝ። ገፋሁት። ድንጋይ ነበር። ጠራሁት፣ ጠራሁት...» ድምፁ ተሰበረ። «እንደ ውሻ ልተወው? አሰርኩለት። ጸለይኩለት።»

«ከዚያ በእኔ አሳበቡ» አለች ሄለን። «ለሞተው ጣት አዘኑ፤ እኔን በቁሜ ሊቀብሩኝ ነበር! ያውም በእርቅ!»



ሰዎቹ ተረባርበው ጀልባዋን ከቋጥኙ አላቀቋት። አለምነው እግዱ እንዴት ይሆናል ሊል ሲል ሸዋረግ ገላመጠችው፤ ዋጠው። የአራጌን ሬሳ ወለሉ ላይ አጋደሙት። ይሄነው ፈንታውን ይዞ ቀረበ።

ፈንታው ቆመ። «ሴት በምትነዳው አልሳፈርም» አለ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖበት።

«እንግዲያው ዳገቱ ያውልዎ» አለች ሸዋረግ። «ወንድምዎ ግን በዚች ነው የሚሄደው።»

ፈንታው ወንድሙን አየ። ብዙ ቆየና ገባ፤ ከሬሳው እግር ሥር ተቀመጠ።

ሄለን ከወንበሩ ሥር ብርቱካናማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አውጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«ይልበሱ።»

«ለእኔ ምን አስጨነቀሽ?»

«የጫንኩትን ሰው አደርሳለሁ። አንቱንም ቢሆን!»

እስኪለብስ ድረስ ሞተሩን አላስነሣችም።